አድማ ላይ ሳለን ካምፓኒው በኛ ቦታ ሰው መቅጠር ይችላል? አሜሪካ ለምትሰሩ የዩኒየን አባላት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአድማ ድምፅ የሚሰጥበት ሳምንት ሲደርስ ስልኬ እረፍት የለውም፣ የሚደውለው ሁሉ የሚጠይቀኝ ደግሞ ያው አንድ ነገር ነው፣ "አድማ ብንመታ በቦታችን ሰው ይቀጥሩብናል ወይ?" እኔ ሎየር አይደለሁም፣ ለብዙ ዓመት ሾፕ ስቱዋርድ፣ ማለትም በስራ ቦታ የዩኒየኑ ተወካይ፣ ሆኜ የሰራሁ ሰው ነኝ፣ እና ይሄን ጥያቄ በስልክ እየደጋገምኩ ከምመልስ አንዴ ልፃፈው ብዬ ነው። እዚህ ያለው አሜሪካ ውስጥ በግል ካምፓኒ ለሚሰሩ ነው። የመንግስት ሰራተኛ ከሆናችሁ ህጉ ሌላ ነው፣ ባቡር የሚሰሩም ከ1926፣ ኤርላይን የሚሰሩም ከ1936 ጀምሮ የራሳቸው ህግ አላቸው።

በአጭሩ ይችላል ወይስ አይችልም?

ሌላ ሰው መቅጠር ይችላል። አድማ መታህ ብሎ ማባረር ግን አይችልም። ሰው ሁለቱን እያደባለቀ ነው የሚደነግጠው፣ ካምፓኒውም እንዲደባለቅባችሁ ነው የሚፈልገው። በጊዜያዊነት ሰው ማስገባት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይፈቀድለታል። በቋሚነት መተካት የሚችለው ግን አድማ የመታችሁት በደሞዝና በጥቅማጥቅም ጉዳይ ብቻ ከሆነ ነው። ካምፓኒው ህግ ጥሶ ከሆነ አድማ የመታችሁት በቋሚነት ሊተካችሁ አይችልም።

ተተካሁም ተባረርኩም ያው ስራ ማጣት አይደል እንዴ?

አይደለም! ይሄን ነው ሰው እንዲይዝልኝ የምፈልገው። አንድ አብሮኝ የሚሰራ ልጅ ነበር፣ በጣም ጎበዝ ሰራተኛ፣ አድማው በሦስተኛው ሳምንት ቤቱ ሌተር መጣለት። ሌተሩ ላይ "ፐርማነንትሊ ሪፕሌስድ"፣ በቋሚነት ተተክተሃል፣ ይላል። ልጁ በቃ ተባረርኩ ብሎ ማንንም ሳይጠይቅ በማግስቱ ባጁንና የሎከሩን ቁልፍ ለሴኩሪቲው አስረክቦ "ስራ ለቅቄያለሁ" የሚል ወረቀት ላይ ፈረመ። ያቺ ፊርማ ነች የጎዳችው፣ ሌተሩ አይደለም። ሌተሩን የተቀበልነው አስራ ምናምን ሰዎች ነበርን፣ ያልፈረምነው ቀስ በቀስ ሁላችንም ተመለስን፣ እሱ ግን መብቱን በገዛ እጁ ሰጥቶ ስለነበር ምንም ልናደርግለት አልቻልንም። እስከዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም አንድ ስልክ ቢደውልልኝ ኖሮ...

ህጉ የሚለው እንዲህ ነው። በቋሚነት ብትተካም አሁንም የካምፓኒው ሰራተኛ ነህ። አድማው አብቅቶ ያለ ቅድመ ሁኔታ ልመለስ ብለህ ከጠየቅክ፣ ቦታህ ላይ ሰው ስላለ ወዲያው ላይመልሱህ ይችላሉ፣ ግን ስምህ የመመለሻ ሊስት ላይ ይገባል፣ አንተ የምትሰራው ስራ ሲከፈት፣ ተተኪው ሲለቅም ሆነ ሲባረር፣ ከውጪ አዲስ ሰው ከመቅጠራቸው በፊት አንተን መጥራት አለባቸው። ይሄ በ1968 ሌይድሎ በሚባል ኬዝ ከተሰጠው ውሳኔ ጀምሮ የተረጋገጠ መብት ነው። የሚቀረው ሌላ ቦታ ተመሳሳይና ቋሚ ስራ ከያዝክ ነው፣ ወይ ደግሞ እንደዛ ልጅ ለቅቄያለሁ ብለህ ከፈረምክ። ለጊዜው ሆድ መሙያ ሌላ ስራ መስራት መብትህን አያጠፋም።

ይሄ መተካት የሚባል ነገር ከየት መጣ? ህጉ አድማ መብት ነው አይልም እንዴ?

ይላል። በ1935 የወጣው ናሽናል ሌበር ሪሌሽንስ አክት አድማ የመምታት መብት በዚህ ህግ አይነካም ብሎ በግልፅ ፅፏል። ግን በ1938 ማካይ ራዲዮ የሚባል የቴሌግራፍ ካምፓኒ ጉዳይ ሱፕሪም ኮርት ደረሰ። ሳንፍራንሲስኮ ያሉት ሰራተኞች አድማ ሲመቱ ካምፓኒው ከሌሎች ከተሞች ሰው አምጥቶ ስራውን አስቀጠለ፣ አድማው ሲያበቃ ደግሞ በዩኒየን ስራ ንቁ የነበሩትን አምስት ሰዎች ለይቶ አልመልስም አለ። ፍርድ ቤቱ ለይቶ ማስቀረቱ ህገወጥ ነው ብሎ ለሰራተኞቹ ፈረደ። የሚገርመው ግን እግረ መንገዱን፣ ካምፓኒ ስራውን ለማስቀጠል በአድመኞቹ ቦታ ሰው የመቅጠር መብት አለው፣ አድማው ሲያበቃም አዲሶቹን የማሰናበት ግዴታ የለበትም የሚል ነገር ፃፈ። ካምፓኒው የተሸነፈበት ኬዝ ነው፣ ያቺ መስመር ግን ይኸው እስከዛሬ የካምፓኒዎች ሁሉ መሳሪያ ሆና ቀረች። ይሄን የሚከለክል ህግ ለማውጣት በተደጋጋሚ ተሞክሯል፣ ፕሮ አክት የሚባለው በ2020ም በ2021ም ሀውስን አልፎ ሴኔት ላይ ቀረ። እኔ በበኩሌ መብቱን ሰጥቶ በጎን መልሶ መውሰድ ነው እላለሁ፣ ግን ህጉ እስኪቀየር ድረስ ባለው ነው የምንሰራው።

በደሞዝ የተመታ አድማና ካምፓኒው ህግ በመጣሱ የተመታ አድማ በምን ይለያሉ?

እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

ደሞዝ ይጨመር፣ ኢንሹራንስ ይሻሻል፣ ሺፍት ይስተካከል ብላችሁ አድማ ከመታችሁ ኢኮኖሚክ ስትራይክ ይባላል፣ በቋሚነት መተካት ይቻላል። ካምፓኒው ህግ ጥሶ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ የዩኒየን ሰው በዩኒየንነቱ አባሮ፣ ኔጎሲዬሽን ላይ የሚገባውን መረጃ ደብቆ፣ ሳይደራደር በራሱ ደሞዝ ወይ ሺፍት ቀይሮ፣ ሱፐርቫይዘር ሰው እየጠራ አስፈራርቶ፣ ይሄ አንፌር ሌበር ፕራክቲስ ነው የሚባለው፣ ለዚህ የተመታ አድማ ላይ ያለ ሰው በቋሚነት ሊተካ አይችልም። ያለ ቅድመ ሁኔታ ልመለስ ሲል ተተኪውን ማሰናበት ቢያስፈልግ እንኳ አሰናብተው መመለስ አለባቸው። ሱፕሪም ኮርት በ1956 ማስትሮ ፕላስቲክስ በሚባል ኬዝ ያፀናው ነው።

ሁለቱም ምክንያት ካለስ? ህግ መጣሱ ለአድማው አንዱ ምክንያት ከሆነ ይበቃል፣ ብቸኛው መሆን የለበትም። ግን ማስረጃ ይፈልጋል፣ እና ብዙ ዩኒየን የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሰዉ በስብሰባው ስለ ሱፐርቫይዘሩ ማስፈራራት ሲጮህ ያመሻል፣ ድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ግን "ለተሻለ ደሞዝ" ብቻ ተፅፎ ይገኛል፣ የፒኬት ካርቶኑ ላይም ደሞዝ ብቻ። ከስድስት ወር በኋላ ዳኛ ፊት ሲቀርብ ካምፓኒው ያንን ወረቀት አውጥቶ "እነሱ ራሳቸው የደሞዝ ነው ብለዋል" ይላል። ስለዚህ ምክንያታችሁ ሁለት ከሆነ ሁለቱንም ፃፉት፣ በቃለ ጉባኤው፣ በድምፅ መስጫው፣ በካርቶኑ ላይ። ያልሆነውን ሆነ ብላችሁ ግን አትፃፉ፣ ይታወቃል።

ሌላው ደግሞ አድማ መሃል መንገድ ላይ ሊቀየር ይችላል። በደሞዝ ተጀምሮ ካምፓኒው በመሃል ህግ ጥሶ አድማውን ካራዘመው ከዛ ቀን ጀምሮ ዓይነቱ ተቀየረ ማለት ነው፣ ከዛ በፊት በቋሚነት የተተካው እንደተተካ ይቆያል፣ ከዛ በኋላ ግን መተካት የለም። ለዚህ ነው አድማ ላይ ስትሆኑ ቀን፣ ሰዓት፣ ማን ምን እንዳለ በደብተር ያዙ የምለው። ሱፐርቫይዘር የላከው ቴክስት ካለ ስክሪንሾት አድርጉ።

ሱፐርቫይዘሬ "አድማ ከመታህ ስራህን ታጣለህ" አለኝ። እንዲህ ማለት ይፈቀድለታል?

ቃሉ ነው የሚለየው። "በቋሚነት ልትተኩ ትችላላችሁ" ማለት ይፈቀዳል፣ ህጉ ነውና። "አድማ ከመታህ ተባረሃል" ወይ "ስራህን ለዘላለም ታጣለህ" ማለት ግን ማስፈራራት ነው፣ ምክንያቱም ቅድም እንዳልኩት የመመለስ መብት አለ። ሎየሮች የፃፉት ሌተር አብዛኛውን ጊዜ ተጠንቅቆ ነው የሚፃፈው፣ ስህተቱ የሚገኘው ሱፐርቫይዘሩ በፓርኪንግ ሎት ላይ በአፉ በሚናገረው ነው። በሰማችሁበት ደቂቃ ቃል በቃል ፃፉት። ደግሞም ሁሉም "ቋሚ ተተኪ" ያሉት ሰው ቋሚ አይደለም፣ ቋሚ መሆኑን የማስረዳት ሸክሙ የካምፓኒው ነው፣ ለተቀጠረውም ሰው ቋሚ ነህ ተብሎ በሁለቱም ወገን የታወቀ መሆን አለበት። ከኤጀንሲ በሳምንት ኮንትራት የመጣ ሰው ቋሚ ነው ማለት ያስቸግራል።

እንዴት ነው መመለስ የሚጠየቀው?

በፅሁፍ፣ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ። አብዛኛውን ጊዜ ዩኒየኑ ለሁሉም አባል አንድ ላይ ይልካል፣ አድማውን አቁመናል፣ አባላቱ በሙሉ ያለ ቅድመ ሁኔታ ወደ ስራ ለመመለስ ዝግጁ ናቸው የሚል አጭር ሌተር ነው። "ደሞዙን ከጨመራችሁ እንመለሳለን" ካላችሁ ቅድመ ሁኔታ ሆነ፣ አይቆጠርም። ቀኑ የሚታወቅበት መንገድ ይኑረው፣ ኢሜይልም ሰርቲፋይድ ሜይልም አድርጉት፣ ምክንያቱም ካምፓኒው መመለስ ሲገባው ካልመለሰ የኋላ ደሞዝ፣ ማለትም ሳይመልሳችሁ በቆየበት ጊዜ የቀረባችሁ ደሞዝ፣ የሚቆጠረው ከዚህ ቀን ተነስቶ ነው። ከዛ በኋላ አድራሻና ስልክ ከቀየራችሁ ለካምፓኒው አሳውቁ። ጠርተናቸው አላገኘናቸውም እንዳይሉ ነው።

አድማውን ጥዬ ብገባስ? ጓደኞቼ እየገቡ ነው።

ይሄ ያማል፣ ግን በግልፅ ልናገረው። ህጉ መግባትን አይከለክልም፣ በ1989 ደግሞ ሱፕሪም ኮርት በአንድ የኤርላይን ኬዝ ካምፓኒው አድማውን ጥለው ቀድመው የገቡትን ጁኒየሮች፣ እስከመጨረሻው የቆዩ ሲኒየሮች ሲመለሱ ከቦታቸው የማንሳት ግዴታ የለበትም አለ። ይሄ ውሳኔ ነው ሰውን በፍርሃት የሚያስገባው፣ "ቀድሞ የገባ ቦታውን ያዘ" የሚለው ወሬ። በሌላ በኩል ለገባው ሰው የ20 ዓመት ሲኒዮሪቲ፣ በስራ ዘመን የሚገኝ ቅድሚያ ማለት ነው፣ በነፃ እንስጥ ያለ ካምፓኒ በ1963 ህገወጥ ነው ተብሏል። እና አስቡት፣ አንድ ዲፓርትመንት 60 ሰው ካለው፣ ሃምሳ ዘጠኙ ውጪ ከቆሙ ካምፓኒው 59 ሰው ፈልጎ አሰልጥኖ ማምጣት አለበት፣ ሰላሳው ከገባ ግን የቀረው ሰላሳ ቀላል ነው። መተካት የሚሰራው እኛው ስንገባ ነው። የገባውን ሰው ግን አትሳደቡት፣ አታስፈራሩት፣ ማስፈራራት የራሳችሁን የመመለስ መብት ያሳጣል።

ሆስፒታል ነው የምሰራው። እኛ ጋ የተለየ ነገር አለ?

አለ። ሆስፒታል፣ ነርሲንግ ሆም፣ ዳያሊሲስ፣ የጤና ተቋም በሙሉ ዩኒየኑ ከአድማው 10 ቀን በፊት ቀንና ሰዓቱን ፅፎ ማሳወቅ አለበት። ሳያሳውቁ አድማ ከመቱ ጥበቃው ይጠፋል፣ ማባረር ይቻላል ማለት ነው። ስለዚህ ፌስቡክ ግሩፕ ላይ "ነገ አንገባም" ተባብላችሁ እንዳትቀሩ አደራ።

በነዚያ 10 ቀናት ሆስፒታሉ ምን ያደርጋል፣ ከኤጀንሲ ትራቭል ነርሶች ያዛል። ኤጀንሲዎቹ ብዙ ጊዜ ትንሹ ኮንትራታችን 5 ቀን ነው ይላሉ፣ በዚህ ምክንያት ዩኒየኑ የአንድ ቀን አድማ ሲጠራ ነርሶቹ በማግስቱ ጠዋት ስክራባቸውን ለብሰው ሲመጡ በሩ ላይ "የተቀጠሩት ሰዎች ኮንትራታቸውን ይጨርሱ፣ ከ4 ቀን በኋላ ኑ" ይባላሉ። ይሄ መተካት አይደለም፣ መባረርም አይደለም፣ ግን የ5 ቀን ደሞዝ ነው የሚቀረው እንጂ የአንድ ቀን አይደለም፣ ቀድማችሁ አስሉት።

ካምፓኒው ራሱ በሩን ቢዘጋብንስ?

ያ ሎክአውት ነው፣ ድርድሩን ለመጫን ብሎ እናንተን ማስወጣት። በሎክአውት ጊዜ ጊዜያዊ ሰው ማሰራት ተፈቅዶለታል፣ በቋሚነት መተካት ግን አይችልም።

ታዲያ በእውነት ሊያባርሩኝ የሚችሉት መቼ ነው?

ኮንትራታችሁ ገና እየሰራ እያለና ውስጡ አድማ አይመታም የሚል አንቀፅ እያለ አድማ ከመታችሁ፣ ዋናው ይሄ ነው። ኮንትራቱን ለመቀየር የሚሰጠው የ60 ቀን ማስታወቂያ ሳያልቅ አድማ ከመታችሁም እንደዛው። ህንፃው ውስጥ ቁጭ ብሎ አልወጣም ማለት ከ1939 ጀምሮ ጥበቃ የለውም። ሆን ብሎ ቀስ እያሉ መስራትም የለውም፣ ዛሬ ወጥቶ ነገ ገብቶ ከነገ ወዲያ ደግሞ መውጣትም እንዲሁ። ሰው መምታት፣ መኪና ጎማ መብሳት፣ ንብረት መስበርማ አይነሳ።

የፌደራል መንግስት ሰራተኛ ደግሞ ጭራሽ አድማ መምታት በህግ ተከልክሏል። ሁሉም የሚጠቅሰው በ1981 ሬገን ያባረራቸው ከ11,000 በላይ የኤር ትራፊክ ኮንትሮለሮች ጉዳይ እዚህ ውስጥ ነው የሚገባው። ሰው ሁሌ "እንደነሱ እንሆናለን" ይላል፣ እነሱ ግን የፌደራል ሰራተኞች ስለነበሩ ነው የተባረሩት፣ የሆቴል ወይ የፋብሪካ ሰራተኛ ጉዳይ ሌላ ነው።

ወረቀቴ ግሪን ካርድ ነው፣ ወይ ወርክ ፐርሚት። አድማ ብመታ ኢሚግሬሽን ላይ ችግር ያመጣብኛል?

ይሄን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፣ ስለዚህ ድምፄን ከፍ አድርጌ ልመልስ፣ አድማ የመምታት መብት የሲቲዝን ብቻ አይደለም። ኤች ዋን ቢ በሚባለው የባለሙያ የስራ ቪዛ ላይ ያለ ሰው እንኳ አድማ በመምታቱ ብቻ ስታተሱን ጠበቀ አልጠበቀ አይባልም፣ የቪዛው ጊዜ ግን መቁጠሩን አያቆምም። እንዲያውም ካምፓኒው ኤች ዋን ቢ ለማምጣት ሲያመለክት በዛ ቦታ በዛ ሙያ አድማ ወይም ሎክአውት እንደሌለ መማል አለበት፣ ስለዚህ በዚያ መንገድ አዲስ ተተኪ ማምጣት አይችልም። ወረቀት የሌለውም ሰው ህጉ ሰራተኛ ነው ይለዋል፣ ግን ከ2002 ውሳኔ ወዲህ የኋላ ደሞዝ አይከፈለውም፣ ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው፣ ማወቅ ያስፈልጋል። ሱፐርቫይዘር "ኢሚግሬሽን እጠራለሁ" ካለ ያው ቅድም ያልኩት ማስፈራራት ነው፣ ፃፉት።

ኢንሹራንሴስ? አንኢምፕሎይመንትስ?

ካምፓኒው ደሞዝ አይከፍልም፣ የኢንሹራንስ መዋጮውንም ሊያቆም ይችላል። ኮብራ በሚባለው እስከ 18 ወር መቀጠል ይቻላል ግን ሙሉ ክፍያውን እስከ 102 ፐርሰንት ድረስ እናንተ ናችሁ የምትከፍሉት፣ ውድ ነው። ልጅ ያላችሁ፣ እርጉዝ የሆናችሁ፣ በየወሩ መድሃኒት የምትወስዱ ዩኒየኑን ከድምፁ በፊት ጠይቁ፣ አንዳንድ ዩኒየን ለዚህ ፈንድ አለው። አንኢምፕሎይመንት በአብዛኛው ስቴት አድማ ላይ ላለ ሰው አይሰጥም፣ ኒውዮርክና ኒውጀርሲ ይሰጣሉ፣ ዋሽንግተን ስቴትና ኦሬገንም በ2025 ህግ አውጥተዋል።

በተግባር ግን ያደርጉታል? ወይስ ለማስፈራራት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ማስፈራሪያ ነው፣ ግን ባዶ ማስፈራሪያ ነው ብዬ አላታልላችሁም። በ1983 አሪዞና ውስጥ ፌልፕስ ዶጅ የመዳብ ካምፓኒ ተተኪ ቀጥሮ ማዕድኑን አስቀጠለ፣ በዓመቱ ተተኪዎቹ ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው ዩኒየኖቹን አስወጡ። እዚህ ጋ የሚታወቅ ነገር አለ፣ በቋሚነት የተተካ አድመኛ እንደዚህ ዓይነት ምርጫ ላይ ድምፅ መስጠት የሚችለው አድማው በተጀመረ በ12 ወር ውስጥ ነው፣ ከዛ በላይ የረዘመ አድማ ያን አደጋ ይዞ ይመጣል።

በሌላ በኩል በ2021 ኬሎግ ላይ አራት የሲሪያል ፋብሪካ ውስጥ 1,400 ያህል ሰራተኞች አድማ መቱ፣ አዲስ ተቀጣሪ በዝቅተኛ ደሞዝና ቤኔፊት ይገባል የሚለውን አሰራር ተቃውመው ነው። ዲሴምበር ላይ የቀረበውን ኮንትራት አንቀበልም ሲሉ ካምፓኒው ቋሚ ተተኪ እንቀጥራለን ብሎ አወጀ። ያኔ ፕሬዚዳንት የነበረው ባይደን ሳይቀር ተቃወመው። ሰራተኞቹ አልተበተኑም፣ በዛው ወር አዲስ ኮንትራት ቀረበላቸውና ድምፅ ሰጥተው አፀደቁት፣ ወደ ስራቸው ተመለሱ።

ሌላ አገርም እንዲህ ነው?

አይደለም፣ አሜሪካ በዚህ ትለያለች። ካናዳ ውስጥ ኩቤክ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከልክላለች፣ ከጁን 2025 ጀምሮ ደግሞ በፌደራል ህግ ስር ላሉ ካምፓኒዎች ሁሉ ተከልክሏል። ሜክሲኮ ውስጥ አድማ ሲመታ በሩ ላይ ቀይና ጥቁር ባንዲራ ይሰቀላል፣ ስራው ይቆማል። ደቡብ አፍሪካ ጊዜያዊ ሰው መቅጠር ትፈቅዳለች፣ ግን ህጋዊ አድማ በመምታቱ ሰው አይባረርም። የዓለም የስራ ድርጅት የመደራጀት ነፃነት ኮሚቴም አስፈላጊ አገልግሎት ባልሆነ ስራ አድማ ለመስበር ሰው መቅጠር ከባድ የመብት ጥሰት ነው ብሎ ያምናል።

ካምፓኒው ህግ ከጣሰ የት ነው የምንከሰው?

ኤንኤልአርቢ የሚባለው የፌደራል መስሪያ ቤት ነው፣ ክፍያ የለውም፣ ሎየርም ግዴታ አይደለም፣ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። ጊዜው 6 ወር ብቻ ነው፣ የሚቆጠረውም ጥፋቱ ከተፈፀመበት ቀን ነው እንጂ አድማው ካለቀበት ቀን አይደለም። እኛ ጋ አንዷ እህት ሱፐርቫይዘሩ ካስፈራራት በኋላ "አድማው ይለቅና እከሳለሁ" ብላ ሰባት ወር ጠበቀች፣ ቴክስቱም ስክሪንሾቱም በእጇ እያለ ጊዜው አልፏል ተባለች። ስለዚህ በተፈጠረበት ሳምንት ለስቱዋርዳችሁ ንገሩ፣ ስቱዋርዱ ካልሰራላችሁ እናንተው ራሳችሁ ቢሮው ሄዳችሁ ወይ ዌብሳይቱ ላይ ገብታችሁ ሙሉት፣ ስማችሁን፣ የካምፓኒውን ስም፣ ቀኑን፣ ማን ምን እንዳለ።